ወፎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ጠፉብን፤ መመገቤ ጎድቷቸው ይሆን?

መስኮት ዳር

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ገብቼ የሌላውን ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ነገሬ ረዘም ይላል፤ ከሥሩ ካላወራኋችሁ ግን መልሱም ግማሽ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብዙ አትንቀሳቀስም። ቀኗን የምታሳልፈው ከጓሮ በኩል ባለው ትልቅ መስኮት አጠገብ ወንበሯ ላይ ነው። ዛፉ ቅጠል ሳለው ነፋሱም፣ ጥላውም፣ ሽኮኮውም ያጫውታት ነበር። ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍና በረዶው መሬቱን ሲያለብሰው ግን የምታየው አጣች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተክሎ ምንም ሳታይ የምትውልበት ቀን በዛ። ለእሷ ብዬ ነው እንግዲህ ኅዳር መጨረሻ ላይ የወፍ መመገቢያ የሰቀልኩት።

መመገቢያው እንደ ቱቦ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ቀዳዳና ትናንሽ ማረፊያ ያለው ነው። ለእናቴ ዓይን እንዲቀርብ ከመስኮቱ አራት ሜትር ገደማ ርቃ ካለች ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልኩት። አራት ቀን ማንም ዝር አላለም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ሳለሁ እናቴ «ነይ! ቶሎ ነይ!» ብላ ጠራችኝ። ከጡጫዬ የምታንስ ወፍ ናት፤ ራሷ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች፣ ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ። አንዲት ፍሬ ትነጥቅና ትበራለች፣ ቅርንጫፍ ላይ በእግሮቿ ጨብጣ በምንቃሯ ትፈለፍላታለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። እናቴ «ባለ ቆቡ» አለችው፤ በዚያው ጸና።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ያወቁት በዙ። አንዱ ጀርባው አመድ፣ ሆዱ በረዶ የመሰለ ነው፤ መመገቢያው ላይ ጨርሶ አይወጣም፣ ከሥር የወደቀውን ብቻ እየተንደረደረ ይለቅማል። ብድግ ሲል ጅራቱ ግራና ቀኝ ነጭ ብልጭ ይላል። እሱን «አመዴ» ብለነዋል። ጉትያ ያለው ቀዩ ገና ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ እንጂ በሌላ ሰዓት አይመጣም። ማጅራቱ ላይ ቀይ ጠብታ ያለው ትንሽ ግንደ ቆርቁርም አለ። እናቴ ታያለች፣ ትናገራለች፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዘጠኝ ዓይነት ደርሰን ነበር። «ዛሬ 64 ባለ ቆብ መጣ» ተብሎ የተጻፈበት ገጽ አለ፤ ያን ቀን እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ በጣቷ እየቆጠረች ነው የዋለችው።

ማክሰኞ ጠዋት መስታወቱ ድው አለ። ወጥቼ ሳይ ከአመዴዎቹ አንዱ በረዶው ላይ ተዘርሯል። ሳነሳው ገና ሙቅ ነበር፤ እጄ ላይ መኖሩን የነገረኝ ሙቀቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ወዲያው ሞተ። እናቴ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ዓርብ ደግሞ ሁሉም ጠፉ። ቅዳሜ የለም፣ እሑድ የለም፣ ዛሬ ሰኞም የለም። ፍሬው እንደሞላ ተንጠልጥሏል።

የሞተውን አይተው ሸሽተው ይሆን? ወይስ ከመጀመሪያውም ማድረግ የማይገባኝን ነው ያደረግኩት? አንድ ጎረቤት «እየመገብሽ ወደ ሞቃት አገር እንዳይሄዱ ይዘሻቸዋል» አለኝ፤ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የካቲት ላይ ደግሞ ሦስት ሳምንት ከቤት እንርቃለን። ለምደው ካበቁ በኋላ ጥያቸው ብሄድ በረሃብ ያልቃሉ? የመጨረሻው የእናቴ ጥያቄ ነው፤ ማታ ማታ መጋረጃውን ስስብ ትጠይቀኛለች፣ መልስ የለኝም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ያቺን የምታህል ነፍስ እንዴት ነው የምታድረው?

ግንደ ቆርቁር

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ስለጠፉት ልመልስልሽ፣ ሌላውን ሌሎች ያግዙሻል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ፍሬው ሞልቶ ሳለ ከጠፉ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭልፊት ነው። ወፎች አንዱ በመስታወት ሞተ ብለው ጓሮ አይለቁም። ጭልፊት ሰፈሩን ሲይዝ ግን ይለቃሉ፣ ወይም እዚያው ሆነው ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ዛሬ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከቁጥቋጦው ሥርና ከአጥሩ ዙሪያ በረዶው ላይ የተበተነ ላባ ፈልጊ። ጭልፊት የያዘውን ከመብላቱ በፊት ላባውን ይነጫል፣ ክብ ሆኖ የተበተነ ላባ የእሱ ፊርማ ነው። ሁለተኛ፣ መመገቢያውን ሳይሆን ከዛፎቹ መካከለኛ ቅርንጫፎች ላይ፣ ከግንዱ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ነገር ካለ እዪ። ሳይነቃነቅ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ ዓይን ቅርንጫፍ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ጓሮ አንዴ ግንደ ቆርቁሩ ግንዱ ላይ ተለጥፎ፣ ምንቃሩን ወደ ላይ አቅንቶ ከሩብ ሰዓት በላይ ሲደርቅ አየሁት። የሞተ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ከበላዩ ጭልፊቱ ቁጭ ብሏል።

ባለ ቆቡን ስሚው። ሲመለስ ጩኸቱን ልብ በይ፤ መጨረሻ ላይ «ዲ ዲ ዲ» የሚላት ነገር አለች። የ«ዲ»ው ቁጥር ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ለእነሱ ይበልጥ አደገኛ የሆነውን አዳኝ ሲያዩ «ዲ»ውን ያበዙታል። የሚገርመው፣ ትልቁን ጉጉት ሲያዩ ጥቂት ነው የሚሉት፤ ትንሿን ጉጉት ሲያዩ ነው የሚያከታትሉት፣ ምክንያቱም ቀልጠፍ ብላ በቅርንጫፍ መሃል ልትይዛቸው የምትችለው ትንሿ ናት። ሌሎቹም ወፎች ይህን ቋንቋ ያውቁታል፣ ለዚህ ነው ሁሉም አብረው ጸጥ የሚሉት።

አሁን ወደ መስታወቱ። ይሄን ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አራት ሜትር መጥፎ ርቀት ነው። ወፏ ደንግጣ ከመመገቢያው ስትነሳ መስታወቱ ጋ እስክትደርስ ሙሉ ፍጥነት ትይዛለች፤ መስታወቱ ላይ የምታየው ደግሞ ዛፉንና ሰማዩን ነው። መመገቢያውን ወይ ከመስታወቱ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት አምጪው፣ ያኔ ብትጋጭም ፍጥነት ስለሌላት አትጎዳም፤ ወይ ደግሞ ከዘጠኝ ሜትር በላይ አርቂው። ለእናትሽ ሲባል ማቅረቡ ይሻላል፣ ይበልጥ ይታያቸዋል። መስታወቱ ላይም በውጭ በኩል ነጠብጣብ ለጥፊበት፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ ሙሉውን መስታወት። አንድ የጭልፊት ሥዕል ለጥፎ መተው አይረባም፣ ወፎቹ ሥዕሉን ዞረው ከጎኑ ባለው ባዶ መስታወት ላይ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፍ ከሕንፃ መስታወት ጋር ተጋጭቶ እንደሚሞት ተገምቷል። ከዚያም ትልቁን ድርሻ የያዙት ረጃጅሞቹ ፎቆች ሳይሆኑ ዝቅተኛ ሕንፃዎችና እንደ አንቺና እንደ እኔ ያሉ ቤቶች ናቸው።

ሌላ ጊዜ ተጋጭታ በሕይወት ካገኘሻት ክዳን ያለው የካርቶን ሣጥን ውስጥ አስገብተሽ ጨለማና ጸጥታ ስጫት። ውሃም ምግብም አትስጫት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ውጭ ወስደሽ ክፈቺላት።

ማለዳ

እናትዎ የጠየቁትን ጥያቄ ይዤ ነው እኔም ወፍ ማየት የጀመርኩት፤ ስለዚህ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።

ባለ ቆቡ በሰሜን አሜሪካ ያለው ቺካዲ ነው። ሙሉ ስሙ «ባለ ጥቁር ቆብ ቺካዲ» ነው፤ እናትዎ ማንም ሳይነግራቸው በስሙ ጠርተውታል። አመዴ ጁንኮ ይባላል። ቀዩ ካርዲናል ነው።

ቺካዲ 11 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ቀን የሰውነቷ ሙቀት 42 ዲግሪ ገደማ ነው። እርስዎ በጠቀሱት ሌሊት በውስጧና በውጭዋ መካከል የ60 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ ከጣት ውፍረት የማይበልጥ ላባ ነው። እናም ላባዋን ነፍታ ከሥሩ አየር ትይዛለች፣ የያዘችው አየር ነው ብርድ ልብሷ። ጠዋት ጠዋት እንደ ኳስ ተድበልብለው የሚያዩዋቸው ወፍረው አይደለም። ምንቃሯን ትከሻዋ ላባ ውስጥ ትሸጉጣለች። የደረቷን ጡንቻ፣ ያንኑ የምትበርበትን፣ ሌሊቱን ሙሉ እያንቀጠቀጠች ሙቀት ታመርታለች።

እንዲያም ሆኖ አይበቃም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አላት፦ ሌሊት ሙቀቷን ራሷ ዝቅ ታደርጋለች። ከ42 ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ትወርዳለች። ሰው በዚያ ልክ ቢቀዘቅዝ ሆስፒታል ነው የሚገባው። እሷ ግን በልክ አውርዳ፣ ጎህ ሲቀድ በልክ ትመልሰዋለች። ቀን የበላችውን ስብ ሌሊት ጨርሳ ታቃጥለዋለች፤ ጠዋት ባዶ ሆና ነው የምትነሳው። እናትዎ 64 ጊዜ ስትመላለስ የቆጠሩት ይህንኑ ስታጠራቅም ነው። የምታድረው ብቻዋን በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ወይም ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ቅርንጫፍ መካከል ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ የደረቀ ግንድ ካለ ካላስፈራ በቀር አይቁረጡት።

እግሯስ? እኔን ከሁሉም የገረመኝ እሱ ነው። ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ሞቃት ደም፣ ከእግር ተመልሶ ከሚመጣው ቀዝቃዛ ደም ጋር ጎን ለጎን ያልፋል፤ ሲያልፍም ሙቀቱን ለተመላሹ ያስረክባል። ስለዚህ እግሯ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ሙቀቷ ግን በእግሯ በኩል አያመልጥም። ለመቀዝቀዝ የሚሆን ሥጋም እግሯ ላይ እምብዛም የለም፣ አጥንትና ጅማት ነው የሚበዛው።

ጎረቤትዎ ያሉት ስህተት ነው፣ በዚህስ ይተኙ። ስደተኛ ወፍ ተነስ የሚለው የቀኑ ማጠር ነው፤ መመገቢያ ሞላ ጎደለ ብሎ አይቀርም። ቺካዲና ካርዲናል ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚሄዱ አይደሉም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። አመዴማ ጭራሽ የመጣው ከእርስዎ በስተሰሜን ካለው ጫካ ነው። ብርዱን ሸሽቶ ወደ ደቡብ ሲሄድ የደረሰበት «ሞቃት አገር» የእርስዎ ጓሮ ነው።

ስለ ጉዞው፦ ዊስኮንሲን ውስጥ በቺካዲዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። መመገቢያ እያላቸውም ከቀን ምግባቸው አንድ አምስተኛ ገደማውን ብቻ ነው ከመመገቢያ የሚያገኙት፣ የቀረውን ራሳቸው ይፈልጋሉ። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው ለዓመታት ሲመገቡ ከቆዩበት ቦታ መመገቢያውን አነሱባቸው፤ ቺካዲዎቹ መመገቢያ አይተው ከማያውቁት ባላነሰ ክረምቱን ዘለቁ። ለምደው ሠነፉ የሚባለው እውነት አይደለም። መመገቢያው የሚጠቅማቸው በእነዚያ በጣም ክፉ በሆኑት ብርድ ቀናት ነው። ከቻሉ ጎረቤት አንድ ሁለቴ እንዲሞላ ያድርጉ፤ ካልተቻለም ልብዎን አያስጨንቁ።

ደግሞ ቺካዲ ያለ ስንቅ አትቀመጥም። ከሚወስዷት ፍሬ ብዙዋን አይበሏትም፣ በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ እያንዳንዷን ለየብቻ ይደብቋታል። የደበቁበትን ቦታ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ያስታውሱታል።

የዘር ሰው

ምን ዓይነት ፍሬ እንደምትሰጪ አልጻፍሽም፤ እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። ወፍ አልመጣ ሲል ጭልፊትም ሊሆን ይችላል፣ የሻገተ ፍሬም ሊሆን ይችላል። በረዶ ቀልጦ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከሥር የተጋገረ ነገር ካለ እዪ። በእጅሽ ዘግነሽ አሽትቺው።

ስንጽፍ ደግሞ በስም እንግባባ። ሱፍ ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው። አንዱ የጥንቱ ሱፍ፣ ነጭ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ነው። ሌላው የፈረንጅ ሱፍ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው ትልቁ አበባ ነው። ለወፍ አንደኛ የሚባለው ከሁለተኛው ዓይነት ጥቁሩ፣ ትንሹ፣ የዘይት የሚባለው ነው። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ስቡ ብዙ ነው፣ ቺካዲም ግንደ ቆርቁርም ካርዲናልም ይበላዋል። ባለ መስመሩን ትልቁን ከገዛሽ ቅርፊቱ ለትናንሾቹ ይጠነክራል። የጥንቱ ሱፍ ደግሞ ለሌላ ይጠቅማል፦ ካርዲናል ይወደዋል፣ ሽኮኮ ግን ብዙ ጊዜ ቀምሶ ይተወዋል። ሽኮኮ ካስቸገረሽ እሱን ሞክሪ።

ለአመዴ ነጭ ሚሌት የሚባለውን ደቃቅ እህል መሬት ላይ፣ በረዶውን ጠርገሽ በትኚለት። ርካሹ ቅይጥ ውስጥ የሚበዛው ቀይ ማሽላ ነው፤ አብዛኞቹ ወፎች በምንቃራቸው እየፈነጠቁ ይጥሉታል፣ ከሥር ይበሰብሳል፣ አይጥ ይጠራል።

አንድ የሚያስደስተኝን ልንገርሽ። ለወርቃማዋ ጎልድፊንችና ለዘመዶቿ «ናይጀር» ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ጥቁር ፍሬ አለ። አንዳንዱ የእሾህ ዘር ነው ይላል፤ አይደለም። ኑግ ነው፤ ያው ኑግ። ሳይንሳዊ ስሙም ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው። መጀመሪያ ዕለት ከረጢቱን ከፍቼ ሳሸተው በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቀዳዳው በጣም ጠባብ የሆነ ለእሱ የተሠራ መመገቢያ ይፈልጋል፣ ካልሆነ እንደ ውሃ ይፈሳል። ዘይታም ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ በትንሽ በትንሹ ግዢ፣ ሲቆይ ይደርቅና ወፎቹ አይነኩትም። ጎልድፊንች በብርድ ወራት ወርቋን ትጥላለች፣ ወንዱም ሴቷም የደረቀ ሣር የመሰለ ቀለም ይይዛሉ፤ «ቡኒ ድንቢጥ» ብላችሁ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁት ካለ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር እንዳለው መልሳችሁ እዩ።

ለግንደ ቆርቁሩ ጨው ያልነካው ሞራ በሽቦ ቅርጫት ስቀይለት። ዳቦ አትስጪ፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ለብርድ ሌሊት አይሆንም። ጨው ያለው ማንኛውም ነገር አይሁን።

ንጽሕናው ላይ አትስነፊ። ወፎች በአንድ ማረፊያ ሲፈራረቁ በሽታም አብሮ ይፈራረቃል። ሐውስ ፊንች የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዓይናቸውን የሚያሳብጥና የሚያሳውር በሽታ ይዟቸዋል፣ በመመገቢያ ነው የሚተላለፈው። በየሁለት ሳምንቱ ባዶ አድርገሽ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ በደንብ አለቅልቂው፣ ጨርሶ ሳይደርቅ አትሙዪ። ዓይኗ ያበጠ ወይም ላባዋን ነፍታ ሰው ሲጠጋት የማትሸሽ ወፍ ካየሽ መመገቢያውን ወዲያው አውርጂና ሁለት ሳምንት አቆዪው። ያኔ የምታስፈራሽ ባዶዋ ቅርንጫፍ አትሁን፤ መበተናቸው ነው የሚያድናቸው።

ውሃም አትርሺ። ሁሉ ነገር በረዶ ሲሆን ከፍሬ ይልቅ ፈሳሽ ውሃ ነው የሚጠፋው። ጥልቀቱ ከሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሳህን በቀን ሁለቴ ለብ ያለ ውሃ ብትሞዪበት ይበቃል። እንዳይረጋ ብለሽ ጨውም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሪበት፣ ይገድላቸዋል።

መስኮት ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ መልሳችሁን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የሌሊቱን ስትሰማ «እንግዲያው ብርዱን አያሸንፉትም፣ ይደራደሩታል» አለችኝ። ስለ ኑጉ ስነግራት ደግሞ ሁለቴ አስደገመችኝ።

ላባውን አገኘሁት። ከአጥሩ ጥግ ቁጥቋጦው ሥር፣ ልክ እንዳላችሁት በክብ ተበትኗል፣ የእርግብ ላባ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቴ ራሷ አየችው፦ ጀርባው ሰማያዊ ያለበት ግራጫ፣ ደረቱ ላይ እንደ ዝገት ያለ ቀይ ጭረት፣ ዓይኑ ቀይ። አጥሩ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ቆየ። ልወጣና ላባርረው ተነስቼ ነበር፤ እናቴ እጄን ያዘችኝ። «እሱም እኮ ርቦት ነው» አለች። ምን ልበላት? ይባረራል?

ፍሬው ባለ መስመሩ ትልቁ ሱፍ ነበር፣ ከሥሩም ተጋግሯል። ደፋሁት። መመገቢያውን አጥቤ ከመስታወቱ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ በብረት መንጠቆ ሰቀልኩት። ነጠብጣቡን መስታወቱ ላይ ለመለጠፍ መሰላል ላይ ሆኜ ሁለት ከሰዓት ፈጀብኝ፤ እናቴ ከውስጥ ሆና «እዚያ ጋ ዘለልሽ፣ ወደ ግራ» እያለች ታዘኝ ነበር።

ግንደ ቆርቁር

እናትሽ ልክ ናቸው፣ ተይው። ጭልፊቱም የብርድ ወራት ወፍ ነው፣ ለእሱም ሌሊቱ ያው ሌሊት ነው። ማየቱ የሚከብዳችሁ ከሆነ መመገቢያውን አንድ ሳምንት አውርጂው፣ ወፎቹ ሲበተኑ እሱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከመመገቢያው ሦስትና አራት ሜትር ራቅ ብሎ የቅርንጫፍ ክምር ብታበጂላቸው ደግሞ ሮጠው የሚገቡበት ያገኛሉ።

ዓይኑ ቀይ ከሆነ የበሰለ ነው፣ ወጣቱ ቢጫ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን በዚህ አልወራረድም። ኩፐር የሚባለው ጭልፊት የጅራቱ ጫፍ ክብ ነው፣ ራሱ ትልቅ ነው፤ ሻርፕ ሺንድ የሚባለው አነስ ብሎ የጅራቱ ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ ራሱም ትከሻው ውስጥ የገባ ነው። እርግብ የሚያህለውን ከያዘ ወደ ኩፐሩ አደላለሁ።

ማለዳ

ስለ 64ቱ አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ። እናትዎ የቆጠሩት ምልልሱን ነው እንጂ ወፎቹን አይደለም። ስድስት ቺካዲዎች 64 ጊዜ መመላለስ አይከብዳቸውም። ቆጠራ ላይ ያለው ደንብ ይህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ካዩት ውስጥ በአንድ ዓይን ጥቅሻ፣ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ትልቁ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። ጠዋት አራት፣ ቀትር ላይ ሰባት፣ ማታ ሦስት ካዩ ቁጥሩ 7 ነው፤ አይደመርም።

ይህን የምለው ደብተሩ ከእናትዎ አልፎ ሊጠቅም ስለሚችል ነው። የኮርኔል የወፍ ጥናት ማዕከል ከካናዳዎቹ ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ፊደር ዋች የሚባል ቆጠራ አለ፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሰዎች ከመስኮታቸው ሆነው ያዩትን ይልካሉ። የካቲት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ፣ ዛሬ ከየትኛውም አገር የሚሳተፉበት የአራት ቀን የጓሮ ቆጠራ አለ፤ 15 ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። የሁሉም ታላቅ የገና ቆጠራው ነው፦ ፍራንክ ቻፕማን የሚባሉ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1900 ሰዉ በገና ቀን ወፍ ለመግደል ከሚወዳደር ይልቅ ይቁጠር ብለው ጀመሩት። ያን ዓመት 27 ሰው ነበር የወጣው። ከወንበር ሳይነሱ ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት የሚያይ ሰው ለእነዚህ ቆጠራዎች የሚፈለግ ሰው ነው፤ ለእናትዎ ይንገሩልኝ።

መስኮት ዳር

መጡ! ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ባለ ቆቡ ነው። ከመስታወቱ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ሲፈለፍል የምንቃሩ ድምፅ ወደ ውስጥ ይሰማል፣ ጠክ ጠክ ይላል። አመዴዎቹ ከሰዓት ተመለሱ፣ በአዲሱ ደንብ 11 ናቸው። ቀዩ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ላይ፣ መብራት ሊያስፈልግ ሲል መጣ፤ አንዲት ቡናማ፣ ምንቃሯ ብርቱካን የሆነች ከኋላው ነበረች፣ ሚስቱ መሰለችን።

አንድ ያልገባን አለ። ዛሬ ግንዱ ላይ አጭር ጅራት ያለው፣ ጀርባው ሰማያዊ ግራጫ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ቁልቁል የሚሄድ ወፍ ነበር። ተዘቅዝቆ ነው የሚወርደው። ታሞ ይሆን?

ግንደ ቆርቁር

ደህና ነው፣ ተፈጥሮው ነው። ነትሃች ይባላል። ግንደ ቆርቁር ሽቅብ ሲወጣ ያልፈውን ነፍሳት እሱ ቁልቁል ሲወርድ ያገኘዋል። እንደ አንቺ ባለ ጓሮ የሚመጣው ሁለት ዓይነት ነው፦ ፊቱ ሙሉ ነጭ ከሆነ ነጭ ደረቱ ነው፤ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ካለፈበት ቀይ ደረቱ ነው፣ እሱ አነስ ይላል፤ በአንዳንድ ዓመት በሰሜኑ የጥድ ፍሬ ሲጠፋ በብዛት ይወርዳል። መስመር ነበረው?

መስኮት ዳር

እኔ ሳልደርስ በረረ። እናቴ ግን መስመር አለው ትላለች፣ ደረቱም የጡብ ቀለም ነው። ደብተሩ ላይ ቁጥር 10 ብላ አስጽፋኛለች።